ዘይት ጨማቂው እና የዋጋ ተመኑ

መንገድ ላይ ሰው አስቁሞ ማውራት አልወድም። የሰፈራችን ዘይት ጨማቂ የመጭመቂያ ቤታቸውን በር በጠራራ ፀሐይ ሲቆልፉ ሳይ ግን ማለፍ አቃተኝ። አጠገባቸው ምጣኔ ሀብት የተማረችው የእህታቸው ልጅ ቆማለች።

«ምነው ጋሼ፣ በሥራ ቀን?» አልኳቸው።

«መንግሥት ለዘይት ተመን አወጣ! ነፃ ገበያ ነው ሲለን ኖሮ ዛሬ ጓዳችን ገባ። ኪሳራ ከምጨምቅ ብዘጋው ይሻለኛል።»

ልጅቷ ረጋ ብላ ጀመረች። «አጎቴ፣ አምና ትልልቆቹ ነጋዴዎች ተመሳጥረው የሱፍ ፍሬውን ሲደብቁት ‹መንግሥት የት አለ?› ብለው የጮኹት እርስዎ አይደሉም?»

«ጮኼአለሁ። ሌባ ያዙልኝ አልኩ እንጂ ዋጋዬን ቁረጡልኝ አልኩ?»

እውነቱን ለመናገር፣ በዚህስ አሸነፏት ብዬ ነበር። እሷ ግን ፍንክች አላለችም።

«ተመኑ ልክ እንዳልሆነ እኔም አምናለሁ። የተሰላው በትልልቅ ፋብሪካዎች ወጪ ነው፤ የእርስዎ አሮጌ የመጭመቂያ መኪና ደግሞ ከጭመቃ በኋላ በሚተርፈው ፋጉሎ ውስጥ ብዙ ዘይት ያስቀራል። ይህንን ተመን ላወጡት ማን ነገራቸው? ነገ ተመኑን ያወጣው የመንግሥት ኮሚቴ መጭመቂያዎችን ሊያይ እዚህ ይመጣል። ተዘግቶ ካገኙት ሥራ አቁሟል ብለው መንግሥት የሚያከፋፍልዎትን የሱፍ ድርሻ ለሌላ ይሰጣሉ። ያኔ መጭመቂያው አበቃለት።»

«እና ይሰሙኛል?»

«ላይሰሙ ይችላሉ። ዝም ካሏቸው ግን ጭራሽ አይሰሙም። ገበያው ለብቻው ሲለቀቅ ጉልበተኛው በላን፤ መንግሥትም ለብቻው ሲተምን ሳያውቅ ይጎዳናል። መሀል ገብተን መናገር ያለብን እኛው ነን።»

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ሲረቱ እንዲህ ያደርጋቸዋል። «በይ እንግዲያው ሠራተኞቹን ጥሪልኝ» አሉ።

በማግስቱ ኮሚቴው ሲደርስ መኪናው እያጓራ ነበር። ጨማቂው ከሥሩ የወጣውን ትኩስ ፋጉሎ ዘግነው ሊቀመንበሩ መዳፍ ላይ አኖሩና «እስቲ ይጭመቁት» አሉ። ሊቀመንበሩ ጨመቀ። ዘይቱ በጣቶቹ መሀል አልፎ እጅጌው ድረስ ወረደ።

«ተመን አይኑር አላልኩም፤ አይታችሁ ተምኑ ነው የምለው» አሉ ጨማቂው።

ብዙም ሳይቆይ ለትንንሽ መጭመቂያዎች የተለየ ተመን ወጣ። የጨማቂው የሱፍ ድርሻ አልተነካም፣ ሠራተኞቻቸው አልተበተኑም፣ ሰፈሩም ዘይት ፍለጋ ከመንከራተት ዳነ። ደስ አለኝ፤ ለምን እደብቃለሁ?

ባለፈው ሳምንት በጥድፊያ ሲሄዱ አገኘኋቸው። የትንንሽ ጨማቂዎች ተወካይ ሆነው ተመርጠዋል።

«ወዴት ነው ጋሼ?»

«ወደ ስብሰባ» አሉኝ ሳይቆሙ፤ «ከእንግዲህ ያለ እኛ ተመን አይወጣም!»