ሦስት ቋጠሮ

ክቡራትና ክቡራን፣ ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ይህን ወንበርና ይህን ኬክ ላሰናዳችሁልኝ ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ። የያዝኩት ወረቀት ለወጉ ነው፤ ባዶ ነው። ቢጻፍበትስ ማን ሊያነበው?

ሠላሳ አንድ ዓመት በዚህ የሥዕል አዳራሽ በር ላይ ቆምኩ። ስሜን ረስታችሁ «አይነካም» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እጁን ወደ ሥዕል የዘረጋውን ሁሉ፣ ሹም ይሁን ሕፃን፣ «አይነካም» ብዬዋለሁ። አልጸጸትም።

ታዲያ አንድ ዓመት ጨምሩልኝ እያልኩ ደጅ ስጠና የከረምኩት ሰውዬ፣ እሺ ስባል ለምን ልሂድ አልኩ? «ሽማግሌው ጃጀ» ያላችሁ አላችሁ። ማርጀቱንስ አርጅቻለሁ። መጃጀቱን ሰምታችሁ ፍረዱ።

ሟች ባለቤቴ ማንበብ እንደማልችል ታውቃለች፤ ለሰው ግን አንድ ቀን አላወራችብኝም። የምትነግረኝን በምሳ ቦርሳዬ ሰማያዊ ክር ላይ ትቋጥረዋለች። አንድ ቋጠሮ፣ ዳቦ ይዘህ ግባ። ሁለት፣ ቁልፉ ጎረቤት ነው። ሦስት፣ ቶሎ ና። ሰምቻለሁ ለማለት እኔ እፈታዋለሁ። ግራኝ ስለነበረች ቋጠሮዋ ወደ ኋላ የዞረ ነው፤ ከሺህ መሀል እለየዋለሁ።

የመጨረሻዋ ዕለት ሦስት ነበር። አየሁት። የአዳራሹን በር ጥዬ አልሄድም አልኩ። በሰዓቴ ስገባ ጎረቤቶች ደጄን ሞልተውታል። ያን ክር ሳልፈታው፣ በገዛ እጄ ከእርሷ ጋር ቀበርኩት። ዘጠኝ ዓመቱ።

አሁን ወደ ክሩ ኤግዚቢሽን ልምጣ። የመክፈቻው ዕለት እንግዳው ሁሉ ብርጭቆውን ይዞ፣ ከጣሪያ እስከ ወለል የተንጠለጠለውን ነጭ ክር ሲያደንቅ፣ እኔ በልቤ «ይህ ጥበብ ከሆነ የእኔም ሹራብ ተተርትሮ ይሰቀልልኝ» እላለሁ። መስኮቱ ዝግ ነው፤ ክሩ ግን ይወዛወዛል። ጠጋ ብል፣ አንዲት ሰማያዊ ክር። ሦስት ቋጠሮ። ወደ ኋላ የዞረ።

የሠራችውን ልጅ ጠራኋት። «ልጄ፣ ይቺን አንቺ ነሽ የቋጠርሻት?»

«ኧረ አባባ፣ ሥራዬ ሁሉ ያለ ቋጠሮ ነው። ሰማያዊ ክርም አላስገባሁም» አለችኝ። ዞራ ስታየው ፊቷ ተለወጠ።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ እዚህ ላይ ይቅር ይበሉኝ። በማግስቱ አዳራሹ ሳይከፈት ገብቼ ነካሁት። ሦስቱንም ፈታኋቸው። ክሩ አሁን ከሰው እጅ እንደወጣ ሁሉ ይሞቅ ነበር። ከዚያ ነው ቢሮዎ መጥቼ ልሂድ ያልኩት። ሁለተኛ አላረፍድባትም።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ልሰናበተው ገባሁ። የጽዳቷ እህታችን አብራኝ ነበረች፤ መጥረጊያዋን ጥላ ስትወጣ ያያችሁ ትመሰክራላችሁ። በፈታሁት ክር ላይ አዲስ ቋጠሮ ነበር። አንድ።

በሉ እንግዲህ፣ በሩን የሚረከበኝ ጉልበቱ ይጽና። ዓይናችሁ አይፍዘዝ፣ እጃችሁ አይዛል። ቶሎ ና የሚላችሁ ሰው ከቤታችሁ አይጥፋ፤ ሲላችሁም ሂዱ፣ እንደ እኔ በር ታቅፋችሁ አትቅሩ።

ኬኩን ያለ እኔ ቁረሱት። ዳቦ ቤቱ ሳይዘጋ ልድረስ።