የላስቲኳ ትልና የቀበሌው ስብሰባ

በደርግ ጊዜ ነው፤ አንድ እሁድ ከቀበሌ ስብሰባ ጠፍተን ከጓደኛዬ ከቶሎሳ ጋር ቆቃ ሐይቅ ወርደናል። ቶሎሳ አንድ ፈረንጅ መካኒክ የሰጠውን የላስቲክ ትል መንጠቆ ላይ ሰክቶ ውሃው ውስጥ ያወዛውዛል። አንድ አምባዛ ቀረብ ይላል፣ ያሸታል፣ ይመለሳል። «ይሄ ዓሣ ነቅቷል፤ ውይይት ክበብ የገባው እሱ ነው እንዴ?» አለኝ ተናዶ።

ድንገት ከኋላችን «ጓዶች!» የሚል ድምፅ ሰማን። የቀበሌያችን ሊቀመንበር! ቶሎሳ ክው ብሎ ቀረ። እጁ ሲደርቅ ትሏም ዝም ብላ ተጋደመች፤ ይሄኔ አምባዛው ላፍ አደረጋት! ለካ ያስፈራው መወዛወዟ ኖሯል። ሊቀመንበሩም ዘለው ገቡና አብረውን ጎተቱ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ስብሰባውስ?» አልኳቸው ፈራ ተባ እያልኩ።

ከኮታቸው ሥር የደበቁትን መንጠቆ እያወጡ፣ «ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም» አሉኝ። «ይልቅ ሌላ ትል አላችሁ?»