ወደ ደቡብ ዞሬ ሰይጣንን የካድኩ ለት

በኛ ጊዜማ ክርስትና አባት መሆን ቀልድ አልነበረም! ስሙ ልጆች፤ ሁለት ጎረቤት ሲኳረፍ አንዱ የሌላውን ልጅ ወይ የልጅ ልጅ ክርስትና ያነሳና አበልጅ ይሆናል፣ አበልጅ ደግሞ አይጣላም፣ አለቀ። እና እኔም ባለፈው ዓመት ይሄንኑ ነው ያሰብኩት፤ ያሰብኩትስ መልካም ነበር።

ውድነሽን፣ የሳሙኤልን እናት፣ ታውቋት የለም? እዚሁ ኮልፌ፣ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ግድግዳ ለግድግዳ ነን። የግቢዋ ውሃ በኔ ደጅ በሚያልፈው ቱቦ ነው የሚወርደው፣ እና ዝናብ በመጣ ቁጥር ሽታው ቤቴ ሲገባ እኔ ምን አደረግሁ? ተናደድኩና በድንጋይ ደፈንኩት! ታዲያ ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የለም። እሷ ስታየኝ መሬት ታያለች፣ እኔ ሰማይ አያለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከፋኝ። የሷን ጨዋታ ለምጄው ነበራ!

ታዲያ ሳሙኤል ወንድ ልጅ ወለደና መጣ። «ጋሼ፣ አርባ ቀኑ ደርሷል፤ ክርስትና ያንሱልኝ፣ ከእማዬም ጋር በዚሁ ይብቃችሁ።»

«እናትህ እሺ ብላለች?»

«እሺም አላለች፣ እንቢም አላለች።»

«ለሷማ ይሄ እሺ ነው!» አልኩና ኮቴን አስተኮስኩ።

በጠዋት ክርስትና ቤት ገባን፣ ሕፃኑ እቅፌ ላይ ይጮሃል፣ እኔን ያልበኛል። ቄሱ «ወደ ምዕራብ ዙሩና ሰይጣንን ካዱ» አሉ። ምዕራብ! እኔ እኮ አቅጣጫ የማውቀው በታክሲ ነው፤ ዓለም ባንክ ወዲህ፣ አየር ጤና ወዲያ። እና ግራ ገባኝ፣ ዝም ብዬ ዞርኩ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ አንድ እጄን ዘረጋሁ፣ ጋራዥ ስሠራ የጎለመሰውን ድምፄን ለቀቅኩት፤ «ሰይጣን ሆይ፣ እክድሃለሁ! ከነሥራህ! ከነተንኮልህ!» ዓይኔን ብገልጥ እጄ ያነጣጠረው ማን ላይ ነው? ውድነሽ ላይ!

ሰው ሁሉ ወደ በሩ ዞሯል፣ እኔ ብቻ ወደ ሴቶቹ። ቄሱ «ኧረ እሱ ደቡብ ነው!» ይሉኛል። ዞሬ እንደገና ካድኩ፣ ግን ምን ዋጋ አለው?

ውድነሽ ቤት ድግሱ ላይ ደረስን፣ እሷ ጀመረች። «አርባ ዓመት ኮልፌ ኖሮ ፀሐይ የምትጠልቅበት ጠፍቶት ነው? ሰው ፊት ሰይጣን አለኝ!»

«በማተቤ፣ ውድነሽ፣ ምዕራብ መስሎኝ ነው!»

«ዞር በልልኝ!»

የሳሙኤል ፊት አመድ መሰለ። እኔም በቃ፣ ዕርቁም አበልጅነቱም ቀረ ብዬ ልወጣ ተነሳሁ። በሩ ጋ ስደርስ ጠራችኝ።

«ና እስቲ ወዲህ። ዛሬ ሰይጣንን ከነሥራው ክደሃል?»

«ሁለቴ!»

«ቱቦዬን መድፈንስ የማን ሥራ ነበር?»

እንግዲህ ምን ልበል? የኔ ነው ማለት አፈርኩ። «የ... የሱ» አልኩ።

«እንግዲያው ሥራውን ሄደህ አንሳ!»

እና በተተኮሰ ኮት፣ ሱሪዬን ጠቅልዬ ደጄ ወዳለው ቱቦ ወረድኩላችሁ! ድንጋዩን ነቀል ሳደርገው ያ ሁሉ የተጠራቀመ ውሃ ፏ አለብኝ፣ ከአናቴ እስከ ጫማዬ! ውድነሽ ሆዷን ይዛ ሳቀች፣ ሳሙኤል ሳቀ፣ ቄሱ መስቀላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ከዚያ ውድነሽ ራሷ ፎጣ ይዛልኝ መጣች፣ «ና ግባ፣ አበልጄ» አለችኝ።

አያችሁ፣ ሕፃኑን ሦስቴ በጠበል ነከር ነከር አድርገው ጨረሱ። እንደኔ ላለው አሮጌ ግን አንድ ቱቦ ሙሉ ያስፈልጋል! ሃ ሃ ሃ!