የጋሽ ከበበው ዓይንና የእኔ ትርጉም

በፈረንሳይኛዬ እመካለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ ጅቡቲ ውስጥ አስተምሬ ካልተመካሁ መቼ ልመካ ነው! በ2013 በሰኔ ወር ግን ይኸው ኩራቴ አንድ የተከበሩ ሽማግሌ አስቀየመብኝ።

የዚያን ዕለት መነጽሬን ላስተካክል ቡላኦስ ሰፈር ወደሚገኝ አንድ የዓይን ክሊኒክ ሄጄ፣ በረንዳው ላይ ጋሽ ከበበውን አገኘኋቸው። ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ሠላሳ ዓመት ልብስ የሰፉ ሰው ናቸው። ዓይናቸው ፍም መስሏል፤ እንባቸው በጉንጫቸው ላይ ይወርዳል።

«ምን ሆኑ፣ ጋሽ ከበበው?»

«መታወሬ ነው፣ መምህር። ቀትር ሲሆን ስፌቱ ይደበዝዝብኛል። ትናንት የሰው ሱሪ አበላሸሁ። ቅዳሜ ሱቁን ሊረከበኝ ለተስማማው ለዓብዱሰመድ አስረክቤ ድሬዳዋ እህቴ ቤት እገባለሁ። ዓይን የሌለው ልብስ ሰፊ ምን ይረባል?»

ፈረንሳይኛቸው ለገበያ እንጂ ለሕክምና አይበቃምና አስተርጓሚ ሆኜ አብሬያቸው ገባሁ። ሐኪሙ ዓይናቸውን በመብራት መረመሩ፤ ቀለም ጠብ አድርገውም አዩ። በመጨረሻም ሕመሙ የዓይን ድርቀት መሆኑን ተናገሩ። እኔም ኮራ ብዬ፣ «ጋሽ ከበበው፣ ዶክተሩ ዓይነ ደረቅ ነዎት ይላሉ» አልኩ።

አቤት ጉዴ! ሽማግሌው ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«ማን? እኔ? ዓይነ ደረቅ? የማንን ሚስት ሳይ ተገኘሁ? አንተ መምህር፣ ልታሰድበኝ ነው ተከትለኸኝ የገባኸው?» ብለው ማዘዣቸውን ሳይቀበሉ ወጡ። በአማርኛችን ዓይነ ደረቅ ማለት ኀፍረት የሌለው ማለት መሆኑ ለየትኛው መምህር ይጠፋዋል? ለእኔ ጠፋኝ።

ማዘዣውን ይዤ ሙኒራ የምትሠራበት ፋርማሲ ገባሁ። ሙኒራ የድሬዳዋ ሰዎች ልጅ ናት፤ ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ፣ አሁን ግን የመድኃኒት ባለሙያ ሆናለች። ዶክተሩ ያሉትንና የሆነውን ሁሉ ስነግራት እስኪበቃት ሳቀች። «መምህር፣ ዛሬ እርስዎ ዝም ብለው ይቆዩልኝ» አለችና ፋርማሲው ለምሳ ሲዘጋ አብራኝ ወደ ሽማግሌው ሱቅ ሄደች።

ጋሽ ከበበው ማሽናቸው ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን በወፍራም ሻይ ያጥባሉ። ቬንቲላተሩ ፊት ለፊታቸው ተገትሮ ያንን ትኩስ አየር ይነፋባቸዋል።

«እንደምን ዋሉ፣ አባባ?»

«ደህና ዋልሽ፣ ልጄ። ከዚህ ሰው ጋር መምጣትሽ ነው እንጂ የከፋኝ።»

«መምህር ተሳስተው ነው። ዶክተሩ ያሉት እንባዎ አንሷል ነው። ጠባይዎን ማን ደፍሮ ይናገራል?»

«እንባዎ አንሷል? እስቲ እዪኝ! ይኼ የሚወርደው ታዲያ ምንድን ነው?»

«እንባ ሁሉ አንድ አይደለም፣ አባባ። ጥሩው እንባ ቅባት አለው፤ ዓይን ላይ ይቆያል፣ ያለሰልሳል። እሱ ሲጓደል ዓይን ይቃጠላል። ሲቃጠል ደግሞ ውሃ ውሃ የሚል እንባ ይለቃል፤ ያ ሳያለሰልስ ወርዶ ያልቃል። ማሽንዎ ሲንጫጫ ውሃ ያፈሱበታል?»

«እግዜር ያሳይሽ! ዘይት ነው እንጂ!»

«ዓይንዎም እንደዚያው ነው።»

ሽማግሌው የሻዩን ብርጭቆ አስቀመጡ። ሰው ቢመክራቸው ይከራከራሉ፤ ማሽን ከተጠቀሰ ግን ያዳምጣሉ።

«ይሁን። መታወሬስ?»

«ሲደበዝዝብዎ ጨፈን ገለጥ ቢያደርጉ አይጠራም?»

«ይጠራል፤ ለጥቂት።»

«የደበዘዘው ላዩ ነዋ! ውስጡን ዶክተሩ አይተው ደህና ነው ብለዋል። መምህር፣ ይህን አልነገሯቸውም?»

«ለመስማት መቼ ቆዩ!» አልኩ።

ጋሽ ከበበው እጃቸውን ማሽኑ ላይ አሳርፈው ቀሩ። 

ሙኒራ ጠብታውን አውጥታ አስረዳቻቸው። «ይህ የእንባ ምትክ ነው፤ በቀን አራት ጊዜ። ሻዩን ይተዉ። ዓይን የሚያነጣ የገበያ ጠብታ ካለዎትም ይጣሉት፤ ቅላቱን ደብቆ ብሶበት ይመለሳል። ማታ ንጹሕ ጨርቅ ለብ ባለ ውሃ ነክረው የዓይንዎ ቆብ ላይ አሥር ደቂቃ ያሳርፉ። ሰው ሥራው ላይ ሲያፈጥ ዓይኑን ማርገብገብ ይረሳል፤ ስለዚህ አንድ እጅጌ በጨረሱ ቁጥር ቀና ብለው መንገዱን ይዩ። ካምሲኑ፣ ያ ትኩስ አቧራማ ነፋስ፣ ሲነፍስ ያለ መነጽር አይውጡ።»

«ለስንት ቀን?»

«ለሁልጊዜ።»

«ለሁልጊዜ? የማያድን መድኃኒት ምኑ መድኃኒት ነው? መርፌ ወግተው ይገላግሉኝ!»

«አባባ፣ ፊትዎን አንድ ጊዜ ታጥበው ቀሩ?»

ሽማግሌው ሳቃቸው አመለጣቸው። «አቤት ምላስ!»

«አንድ ወር ሳያቋርጡ ይሞክሩት። ከወጋዎ፣ ወይም ጨፍነው ሲገልጡም ካልጠራ ግን ዛሬ ነገ ሳይሉ ወደ ሐኪሙ ይሂዱ።»

ቬንቲላተሩን ወደ እግራቸው ያዞርኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን የሠራሁት ጠቃሚ ሥራ ይኸው ብቻ ነው። ጋሽ ከበበውም ለዓብዱሰመድ አንድ ወር ታገሠኝ ብለው ላኩበት።

ወሩ ሲሞላ ዓብዱሰመድ ቁልፍ ሊቀበል ሲመጣ እኔም እዚያው ነበርኩ። «ዓይንዎ ዳነ?» ሲል ጠየቃቸው።

«አልዳነም» አሉ ጋሽ ከበበው፣ ከሚሰፉት ቀሚስ ጠርዝ ቀና ብለው። «ጠዋት ይቆጠቁጠኛል፤ ነፋሱ ሲብስም ያቃጥለኛል። ጠብታዬን አደርጋለሁ፣ አረፍ እላለሁ፣ ደግሞ እሰፋለሁ። የሰው ልብስ ማበላሸት ቀርቷል፤ ማታም ሳልቃጠል እተኛለሁ። ሕመሙ አለ፤ እኔም አለሁ። ሱቁን አላስረክብህም፣ ልጄ። ይቅርታ አድርግልኝ።»

ዓብዱሰመድ ለአፍታ ግድግዳውን፣ ማሽኑን፣ ሽማግሌውን አየ።

«እንግዲያስ» አለ፣ «የልጄን ዩኒፎርም ላምጣልዎታ፤ እጅጌው ረዝሞበታል።»