የሁለት ሰው ብረት

የቶርኖ ሠራተኛዋ ያን ማክሰኞ ጠዋት ወደ ውራጅ ብረት ተራ የሄደችው ለምትሠራበት ጋራዥ አሮጌ አክስል ልትፈልግ እንጂ ከአጎቷ ጋር ልትከራከር አልነበረም። ግን ከብረቱ ክምር ኋላ ዞር ስትል አየቻቸው። ሠፈሩ ሁሉ ጋሽ መዶሻ የሚላቸው አንጥረኛ አጎቷ የጭነት መኪና ባሌስትራ፣ ጭነት የሚሸከመውን ጎባጣ ብረት፣ ትከሻቸው ላይ ሊያወጡ ይታገላሉ። ብረቱ ቁመቱ ከእሳቸው ይበልጣል፣ ውፍረቱም ቀላል አይደለም። ፊታቸው ላብ በላብ ሆኗል።

«ጋሼ! ብቻዎን ምን እያነሱ ነው?»

«መጣች ሚሊሜትር» አሉ ቀና ሳይሉ። «ብረት ነዋ። ወይስ ሳትለኪው አታምኚኝም?»

ይህን ስም ያወጡላት ራሳቸው ናቸው። ከሙያ ትምህርት ቤት በተመረቀችበት ሳምንት መጥታ ብረት የሚቀጠቅጡበትን የመስፋቸውን ገጽ ውፍረት በሚለካው ካሊፐሯ ስለለካችባቸው፣ ያን ድፍረት እስካሁን አልረሱላትም።

አባቷ የጋሽ መዶሻ ታናሽ ወንድም ነበሩ። ሁለቱ ሠላሳ አንድ ዓመት አንድ መስፍ ላይ ሠርተዋል። ታላቅየው በትንሹ መዶሻ ቦታውን ያሳያሉ፣ ታናሽየው በትልቁ መዶሻ እዚያው ላይ ያሳርፋሉ። ጠቅ፣ ዱም፤ ጠቅ፣ ዱም። መንገደኛው ሁሉ ድምፁን ይለየው ነበር። ታናሽየው ከአራት ወር በፊት በሳንባ ሕመም ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ከሥራ ቤቱ የሚሰማው ጠቅ ብቻ ነው።

«ሥጋ ሻጩ ለዓርብ አራት ትልልቅ ቢላ አዞኛል» አሉ ሽማግሌው ባሌስትራውን መሬት ላይ ጥለው እየተነፈሱ። «ሁለት ጀምሬ ሁለቱም ተበላሹብኝ። አራቱን ዓርብ ካላስረከብኩ እሳቱን አጥፍቼ ቤቴ እቀመጣለሁ። ማንም እንዳይለምነኝ።»

«ለማድረስ ከሆነማ የሚያነሱት ብረት ይኼ አይደለም።»

ብረት ሻጩ ገበያ ሸተተውና ጠጋ አለ። «ጋሼ፣ ጠንካራ ከፈለጉ ጎማ የሚዞርበት የኩሽኔታ ቀለበት አለኝ። ዝገት ራሱ ይፈራዋል!»

«ለኩሽኔታነት ጥሩ ነው» አለች ልጅቷ። «በእጁ ለሚቀጠቅጥ ሰው ግን እሳት ውስጥም ሆኖ እልኸኛ ነው። ሙቀቱ ትንሽ ሲበዛበት ይፈረካከሳል፣ ትንሽ ሲያንሰው ንቅንቅ አይልም።»

«እንደ አማቴ ነዋ!» አለ ሻጩ።

እሷ ጎንበስ ብላ ከክምሩ ሥር የትንሽ መኪና ባሌስትራ ጎትታ አወጣች። ካሊፐሯን አስጠጋችበት። «ስድስት ሚሊሜትር። ስፋቱ ሦስት ጣት። እርስዎ የሚሠሩት ቢላ አራት ጣት ነው አይደል? ስለቱን ሲያሳሱት እሱ ራሱ ወደ አራት ይሰፋል። ግማሹ ሥራ ተሠርቶልዎታል ማለት ነው።»

ሽማግሌው ብረቱን በጥፍራቸው ነካ አድርገው ለቀቁት። «ቆርቆሮ!»

«ሁለቱም ባሌስትራ ነው እኮ ጋሼ።»

«ቆርቆሮ ነው አልኩሽ! ብረት የሚጠነክረው ዱላ ሲበላ ነው። ወፍራሙን ቀጥቅጠሽ ቀጥቅጠሽ ስታወርጂው ነው ቢላ የሚሆነው። ከቀጭን ተነስቼ ብሠራማ ምኑን ሠራሁት?»

እዚህ ላይ ሽማግሌውን ብቻ መውቀስ አይገባም። የደከምንበትን ነገር ሁሉ ጥሩ ነው ብለን የምናምን ብዙ ነን። ላባችንን እናያለን እንጂ ላቡ የት እንደ ገባ አንጠይቅም።

ልጅቷ ቀጭኑን ገዛች፣ እሳቸው ወፍራሙን። «አንዱን ጫፍ ልያዝልዎ?» ብትላቸው «ያዥ ያልኩሽ ዕለት ትይዣለሽ» ብለው ብቻቸውን እየጎተቱ ወጡ። ሻጩ ከኋላ ሲስቅ ሰሙት፤ አልዞሩም።

ሥራ ቤታቸው ዝቅ ያለች አንድ ክፍል ናት። ግድግዳዋ ከከሰል ብናኝ የተነሳ ጠቁሯል፤ በአንዲት መስኮት የሚገባው ብርሃን ልክ መስፉ ላይ ያርፋል። ከመስፉ ባሻገር ወለሉ በሁለት እግር ልክ ጎድጎድ ብሏል። አባቷ የቆሙበት ነው። ልጅቷ ስታልፍ እንዳትረግጠው ዞር ብላ አለፈች።

«ንፊ» አሉ ሽማግሌው። ወናፉን ያዘች።

ከወፍራሙ ክንድ የሚያህል ቆርጠው እሳት ውስጥ ከተቱ። አግለው አወጡ፣ ቀጠቀጡ፣ መለሱ። አምስት ጊዜ እንዲህ አደረጉ። በአምስተኛው መዶሻው ከራሳቸው በላይ አልወጣ አለ። ትከሻቸውን ይዘው ቆሙ። ልጅቷ ካሊፐሯን አወጣች።

«ከአሥራ አራት ወደ አሥራ ሁለት።»

«ማን ጠየቀሽ?»

«ሁለት ሚሊሜትር ነው ጋሼ።»

«ዝም በይ አልኩ!»

ዝም አላለችም። ጥግ ላይ ከተጣሉት ሁለት ብላሽ ቢላዎች አንዱን አንስታ ብረት አጣብቆ በሚይዘው ሞርሳ ላይ አሰረችና በመዶሻ ጎኑን መታችው። እንደ ብስኩት ቀጭ አለ። የተሰበረውን ፊት ወደ መስኮቱ ይዛ ወሰደችላቸው።

«ይዩት። ውስጡ እንደ ስኳር ያብለጨልጫል። ደህና ብረት ሲሰበር ፊቱ እንደ አመድ ድፍን ነው። ይኼኛው ስንት ጊዜ እሳት ገባ?»

«ማን ይቆጥራል?»

«እርስዎ ይቆጥራሉ።»

«ሃያ። ሃያ አምስትም ይሆናል።»

«ከአባባ ጋር ሲሠሩትስ?»

ሽማግሌው ብላሹን ቢላ ከእጇ ተቀበሉና አገላብጠው አዩት።

«ስምንት» አሉ በመጨረሻ።

«ስምንት። ያን ጊዜ ትክክል ነበሩ። ማንም ቢጠይቀኝ ትክክል ነበሩ እላለሁ። ወፍራሙ የሁለት ሰው ብረት ነው። ብቻውን ለቆመ ሰው ግን ሃያ አምስት እሳት ነው፤ በገባ ቁጥር ላዩ እየተቃጠለ ይረግፋል፣ ውስጡ እየሻከረ ይሄዳል። ዱላው አይደለም የሚያጠነክረው። እሳቱ እያደከመው ነው።»

«ስለዚህ ወንድሜን በቆርቆሮ ልተካው?» ድምፃቸው ቤቱን ሞላው። «ሠላሳ አንድ ዓመት እዚያ የቆመው ለካ ቀጭን ብረት መግዛት ስላላወቅን ነው! እንዲያ በይኛ! እሱ የሌለበት ቢላ ከዚህ ቤት ቢወጣ ሰው ምን ይላል? ኖረም አልኖረም ያው ነው አይል?»

ልጅቷ ዓይኗ ሞላ፤ ግን ፊቷን አላዞረችም።

«የእርስዎ ወንድም ብቻ አይደለም፣ አባቴም ነው። ማንም እንዲተካው አልጠየቅሁም። ወፍራም ብረት ስላነሱ ከመቃብር ተነስቶ ትልቁን መዶሻ አይዝልዎትም። እኔ አባቴን ቀብሬያለሁ። አሁን ደግሞ በአንድ ባሌስትራ ምክንያት አጎቴን አልቀብርም! ቢቆጡም ይቆጡ፣ ቢያባርሩኝም ያባርሩኝ፣ በሩ ላይ እቀመጣለሁ እንጂ አልሄድም።»

ሽማግሌው አፈጠጡባት። እሷም አፈጠጠች። የአባቷ ቅንድብ ነው ያላት።

«አምጪ ቆርቆሮሽን» አሉ ድንገት። «ዓይንሽ እያየ እንደ ወረቀት ሲጨማደድ ታዪዋለሽ። ያን ጊዜ አፍሽን ትዘጊያለሽ።»

«እሺ። መጀመሪያ ግን ስንጥቅ እንይበት።» ብረቱን በነጭ ጋዝ አሸችው፤ ጋዙን ጠርጋ ጠመኔ አደቀቀችበት። ሽማግሌው «ደግሞ የጠመኔ ትምህርት!» እያሉ ሲያሾፉ፣ ስንጥቅ ውስጥ የቀረው ጋዝ ጠመኔውን አርሶ፣ በባሌስትራው መሐል ካለው የብሎን ቀዳዳ ዳር ፀጉር የምታህል ጥቁር መስመር በነጩ ላይ ብቅ አለች።

«ሰባራ ነው የገዛሽልኝ!»

«ያገለገለ ብረት እንዲህ ነው። ቀዳዳው አካባቢ ይደክማል። እሱን ቆርጠን እንጥላለን፣ ቀሪው ደህና ነው።»

ሽማግሌው ማሾፋቸውን አቆሙ። ሁለተኛው ብላሽ ቢላ የተሰነጠቀው እንዲህ ካለ ቀዳዳ አጠገብ ከተቆረጠ ብረት ስለ ተሠራ ነበር። ይህን ግን ለልጅቷ አልነገሯትም፤ እሷም አላስገደደቻቸውም።

ስንጥቁን ቆርጠው ጥለው ቀጭኑን አጋሉ። አንድ ኪሎ ተኩል የሚሆነውን መዶሻ አንስተው የመጀመሪያውን በንዴት አሳረፉ። ብረቱ ታዘዘ። ሁለተኛውን ትንሽ ቀስ አድርገው መቱ፤ አሁንም ታዘዘ። ከዚያ ንዴታቸውን ረሱ። ብረቱን በስለቱ በኩል ጎበጥ ሲያደርጉት ልጅቷ ደነገጠች።

«ጋሼ፣ አጣመሙት!»

«ይኼንን ካሊፐርሽ አልነገረሽም?» አሉ፤ በአራት ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ፈታ አለ። «ስለቱን ሳሳሳው ይረዝማል፣ ሲረዝም ጫፉን ወደ ጀርባው ይቆለምመዋል። አሁን አስቀድሜ ወደ ታች አጎብጬዋለሁ። ስጨርስ ቀጥ ይላል። ተማሪ!»

ቀጥ አለም። ብረቱ ብርቱካን መስሎ ሲወጣ መምታት፣ ቀይነቱ ሲደበዝዝ ማቆም፤ ይህን የሚያስተምራቸው አልነበረም። ልጅቷ እየነፋች ቆጠረች። በሰባተኛው እሳት ቢላው ቢላ ሆነ። እንደጋለ ዘይት ውስጥ ነክረው አጠነከሩት፣ መልሰው በልኩ አሙቀው ድርቀቱን ቀነሱለት። ትራፊውን ቁራጭ ራሳቸው አጠንክረው ራሳቸው ሰበሩት። ፊቱ እንደ አመድ ድፍን ነበር። ለረጅም ጊዜ መስኮቱ ሥር ይዘውት ቆሙ።

«ሰባት» አሉ።

«ሰባት» አለች።

ዓርብ፣ አራቱም ቢላዎች ተሠርተው፣ ሥጋ ሻጩ መጣ። የመጀመሪያውን አንስቶ ጀርባውን በጣቱ ዳሰሰ። «ጋሼ፣ ይኼስ ሳሳብኝ።»

«አጥንት ይዘህ ና እንጂ አስተያየት ይዘህ አትምጣ!»

ሰውዬው ስቆ ከዘንቢሉ የቅልጥም አጥንት አወጣ። ግንዱ ላይ አጋድሞ በኃይል አሳረፈ፣ ደገመ፣ ሠለሰ። ስለቱን ወደ ብርሃን አዞረ። አልተቦጨቀም፣ አልታጠፈም። ክንዱን ወዘወዘና «ቀለለኝ እኮ» አለ ተገርሞ። «በድሮው ቢላ እስከ ቀትር እንኳ አልቆይም ነበር።» አራቱን ጠቅልሎ፣ ለሚቀጥለው ዓርብ ስድስት አዘዘ።

ወሬው ሳያድር ከመንገዱ ጫፍ ያለው ሽማግሌ አንጥረኛ መጣ። እሱም ትከሻው ታሟል፤ ረዳቱም ትቶት ሄዷል። ደጃፉ ላይ ቆሞ «አንተ፣ ከቆርቆሮ ቢላ ታወጣለህ አሉ! ወንድምህ ቢያይህ ምን ይል ነበር?» አለ።

ልጅቷ ልትመልስ አፏን ስትከፍት አጎቷ ቀደሟት።

«ግባና ቁጭ በል። ደጃፍ ላይ ቆሞ አይሰደብም» አሉ። «እኔም ከማክሰኞ በፊት እንዳንተ ነበርኩ። አሁን ልንገርህ። ለብቻህ ከሆንክ ብረት ስትመርጥ ጉልበትህን አስቀድመህ መዝን። ከቢላው ውፍረት ብዙ ያልራቀ፣ ከስፋቱ ጠበብ ያለ፣ ጠባዩን የምታውቀው ብረት ግዛ። ስንጥቅ ፈልግበት። እሳቱ ያንሳል፣ ከሰሉ ያንሳል፣ ብረቱ አይቃጠልም፣ ቢላው አይሰበርም፣ ለተጠቃሚውም ይቀላል። ማታ ደግሞ በዚህ እጄ ማንኪያ አንስቼ እበላለሁ። አፍረህ ካልቀረህ፣ ይቺን ልጅ ብትጠይቃት ትለካልሃለች።»

«እሺ፣ ወንድምህስ?» አለ ሰውዬው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ጋሽ መዶሻ ጉጠቱን አነሱ።

«ወንድሜ ሞተ» አሉ። «እሱ ስለ ሞተ ይኼ ቤት ዝም እንዲል የሚጠብቅ ሰው ካለ ግን ይጠብቅ። እኔ ስድስት ቢላ አለብኝ። ንፊ ልጄ!»