ያልታጠበው ጀለቢያ

ከባምባሲ ወደ አሶሳ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጠች ሴት አጠገቧ ያሉትን ሽማግሌ ጠየቀች።

«አባባ፣ ነጩን ጀለቢያዎን ምን ነካብዎት?»

«ማንጎ ነው። ልጄ አሶሳ ላውንደሪ ከፍታ ሰው ዝር አላለባትም። ኋላ ውድድር አወጣች፤ ነጭ ለብሶ፣ ያለ ቢላዋ ሦስት ማንጎ በልቶ ጠብታ ያልነካው ይሸለማል።»

«አሸነፉ ታዲያ?»

«ማን ያሸንፋል! የአሶሳ ማንጎ እኮ ነው። ሁላችንም ተጨማለቅን። የሰዉን ሁሉ በነፃ አጥባ መለሰች።»

«የእርስዎንስ ረሳችው?»

«እሷማ አምጣው ብላ ለመነችኝ። እኔ ነኝ እንቢ ያልኩት።»

«ለምን?»

«ከታጠበማ ማን ይጠይቀኛል? ይኸው ወላሂ፣ ከጠዋት ጀምሮ አንቺ አምስተኛዋ ነሽ።»

ትንሿ ልጄ በእስክሪብቶ የሞነጫጨረችበትን፣ ሰው እንዳያይብኝ ጠቅልዬው የነበረውን እጅጌዬን ቀስ ብዬ ዘረጋሁት።