ስልክ የማይጠራባት መጫወቻ

በ2008 ዓ.ም. በአንድ የጥር ቅዳሜ ጠዋት፣ አዲስ አበባ፣ አብነት ሰፈር የታክሲ ሰልፍ ላይ ጋሼ ይመርና ሀፍሷ ሳይቀጣጠሩ ተገናኙ። ጋሼ ይመር የእህል በረንዳ ጤፍ ነጋዴ ናቸው። በስድሳ ዓመታቸው በጣት የሚነካ ስልክ ገዙ፤ ተክለ ሃይማኖት አጠገብም የልጆች መዝናኛ ፓርክ ከፈቱ። ልጆቹ በዛፎቹ መካከል የተደበቁትን የሲሚንቶ እንስሳት በወላጆቻቸው ስልክ በተጫነ አፕ እየተመሩ ይፈልጋሉ፤ ሲደርሱባቸው እንስሳቱ ድምፅ ያሰማሉ። መቼም ዘመናዊነት የያዘው ሽማግሌ ከወጣት ይብሳል።

ሀፍሷ የጎረቤታቸው የኸይረዲን ልጅ ናት። በኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተመርቃ ዓመት ሙሉ የለፋችበትን ዕቃ ልታሳያቸው ሁለት ጊዜ ሄዳ አጥታቸዋለች። ዛሬ እምቢ ካሏት፣ ሰኞ አባቷ ሱቅ ገብታ ጨርቅ መለካት ይጠብቃታል። ከቦርሳዋ አንድ የሳሙና ማስቀመጫ አወጣች፤ ላዩ ላይ አንድ መብራትና አንድ ቁልፍ አለው።

«ጋሼ፣ ለፓርክዎ የሠራኋት ናት። ልጁ ወደ እንስሳው ሲቀርብ ትንቀጠቀጣለች፤ ሲደርስ ቁልፏን ይጫናል።»

«ምነው ልጄ፣ ተምረሽ ወደ ኋላ ትመልሺናለሽ? ስልክ እያለኝ ሳይቸግር ጤፍ ብድር! ዓለም በሙሉ እዚህ ውስጥ...» ስልካቸው ጠራ። «አቤት! ማኛው? ነገ ይገባል!»

ሀፍሷ ጠበቀች።

«ምን እያልኩሽ ነበር?»

«ዓለም በሙሉ እዚያ ውስጥ እንዳለ።»

«አዎ! አፕ አይሰበርም፣ አይጠፋም። ያንቺን ልጆቹ ይዘዋት ቢሄዱስ?»

«በር ላይ ተቀብለው ሲወጡ ይመልሳሉ። ብትሰበርም እዚሁ መርካቶ እጠግናታለሁ። ስልክ ግን ለሦስት ልጅ አንድ ነው፤ እሱም የአባት። የያዘውም ልጅ ዓይኑ ስልኩ ላይ ተተክሎ ዛፉን እንኳ አያይም። ይቺ ለእጁ ትነግረዋለች እንጂ ዓይኑን አትይዝበትም።»

ስልኩ እንደገና ጠራ። የሚጠራ ስልክ አለማንሳት ለጋሼ ይመር እንግዳን ከደጃፍ እንደ መመለስ ነው። አነሱት፣ ጨረሱ፣ «ቀጥይ» አሏት። አፏን ስትከፍት ለሦስተኛ ጊዜ ጠራ።

የሀፍሷ ትዕግሥት አለቀ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ፤ ዓመት የለፋሁበትን አምስት ደቂቃ ላስረዳዎት አልቻልኩም። የሲሚንቶው የአንበሳ ደቦል ጋ ሊደርስ ሲል ስልኩን የተነጠቀ ልጅስ ምን ይበል?»

ጋሼ ይመር ስልኩን እንደያዙ ቀሩ። ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጃቸው ፍቅርአዲስ «አባባ፣ ደቦሉ ሊያገሳ ነው!» ስትል ስልኩን ከእጇ ነጥቀው ስለ ጤፍ አውርተዋል። ስታለቅስ «ሞልቃቃ» አሏት፤ ከዚያ ወዲህ ፓርኩን ረግጣው አታውቅም። አሁን ከልባቸው አፈሩ።

«ነይ፣ ፍቅርአዲስ ትሞክራት» አሉ በዝግታ። «ከወደደቻት ሃያ ትሠሪልኛለሽ።»

«ኢንሻ አላህ። አፑንም አይጣሉት፤ ለትኬት ይሁን። የአባት ስልክ ለአባት ጉዳይ፣ የልጅ መጫወቻ ለልጅ።»

ከሰዓት በኋላ ሀፍሷ ደቦሉ ሆድ ውስጥ የመጫወቻዋን ምልክት መቀበያ ገጠመች። በልመና የመጣችው ፍቅርአዲስ መጀመሪያ አኩርፋ ሄደች፤ መጫወቻዋ እጇ ላይ ስትንቀጠቀጥ ግን ሳቀች፣ ሮጠች፣ ሾላው ሥር ጎንበስ ብላ ቁልፉን ተጫነች። ደቦሉ አገሳ። አዲስ ነገር ሁሉ ሥልጣኔ አይደለም፤ ሥልጣኔ ዕቃን ለሚሆነው ሥራ ማዋል ነው። ልጅ በነፃነት ይጫወታል፣ አባትም ከልጁ ስልክ አይቀማም፣ የተማረ እጅም ሥራ አይፈታም።

ያን ጊዜ የጋሼ ይመር ኪስ ውስጥ ስልኩ ጠራ።

«አባባ! አየኸው?» አለች ፍቅርአዲስ ዞር ብላ።

«አየሁት ልጄ» አሉ። እውነታቸውን ነበር። ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ዝም አለ።